0/0 ሲመጣ እስክሪብቶ አታስቀምጡ፦ ሊሚትን በአልጀብራ አቅልሎ የመሥራት ዝርዝር መመሪያ

የ12ኛ ክፍልና የዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ሳስጠና ደብተራቸው ላይ የማየው ስህተት ከዓመት ዓመት ያው ነው። ሊሚት ምን እንደሆነ ብትጠይቋቸው በደንብ ይነግሯችኋል። ጥያቄው ወረቀት ላይ ሲመጣ ግን ቁጥሩን ይተካሉ፣ 0/0 ይወጣል፣ ከዚያ ወይ «መልስ የለውም» ብለው ይዘጉታል፣ ወይ ያገኙትን ሁሉ እየሰረዙ ሌላ ጥያቄ ያደርጉታል። የሚያደናቅፋቸው 9ኛና 10ኛ ክፍል ላይ በጥድፊያ ያለፉት አልጀብራ ነው። ስለዚህ እዚህ ስለ ሊሚት ትርጉም ብዙ አላወራም፤ እጃችሁ ምን መሥራት እንዳለበት ብቻ በቅደም ተከተል አስቀምጣለሁ።

ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር። ኤክስ የምትሉትን ተለዋዋጭ እዚህ «ቀ» ብዬ እጽፈዋለሁ። «ሊም ቀ→3» ማለት ቀ ወደ 3 ሲጠጋ ማለት ነው። የክፍልፋዩን የላይኛውን ክፍል ላዕል፣ የታችኛውን ታህት እላለሁ። ፋክተር፣ ኮንጁጌት የመሳሰሉትን ክፍል ውስጥ እንደምትሰሟቸው ትቻቸዋለሁ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

አንድ ባዶ ወረቀት አውጡና እነዚህን ስድስት መስመሮች በእጃችሁ ጻፉ። ማንበብ አይበቃም።

ሀ² − ለ² = (ሀ − ለ)(ሀ + ለ)

ሀ³ − ለ³ = (ሀ − ለ)(ሀ² + ሀለ + ለ²)

(ሀ + ለ)² = ሀ² + 2ሀለ + ለ²

(√ሀ − √ለ)(√ሀ + √ለ) = ሀ − ለ

1/ሀ − 1/ለ = (ለ − ሀ)/(ሀለ)

ሀ − ለ = −(ለ − ሀ)

አሁን ወረቀቱን ገልብጡና ሳታዩ ድገሙት። ሁለተኛው ወይም አምስተኛው ከጠፋባችሁ ዛሬ ሊሚት አትጀምሩ፤ ግማሽ ሰዓት እነሱ ላይ ብቻ ሥሩ። ስድስተኛው ቀላል ስለሚመስል ሰው ይንቀዋል። ብዙ ነጥብ የሚበላው ግን እሱ ነው።

እርሳስና ላጲስ ሳይሆን እስክሪብቶ ተጠቀሙ። የተሳሳታችሁትን በአንድ መስመር ብቻ ሰርዙት፤ የት እንደሳታችሁ ተመልሳችሁ ማየት ያስፈልጋችኋል።

## ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ተኩ

ምንም ከማቅለላችሁ በፊት ቁጥሩን በቀ ቦታ አስገቡ። ላዕሉንና ታህቱን ለየብቻ አስሉ፤ አንድ ላይ ስትሞክሩ ምልክት ይጠፋችኋል።

ከሦስት ነገሮች አንዱ ይወጣል።

1. ታህቱ ዜሮ ካልሆነ ጨርሳችኋል። ሊም ቀ→2 (ቀ² + 1)/(ቀ + 3) ላይ 5/5 ይመጣል፤ መልሱ 1 ነው። እዚህ ላይ ፋክተር ለማድረግ የሚታገል ተማሪ አይቻለሁ። አትታገሉ። ላዕሉ ብቻ ዜሮ ሆኖ 0/5 ቢመጣም መልሱ 0 ነው፤ ትክክለኛ መልስ ነው፣ አትፍሩት።

2. ላዕሉ ዜሮ ሳይሆን ታህቱ ብቻ ዜሮ ከሆነ፣ ለምሳሌ 5/0፣ ማቅለል አያድናችሁም። ይህን መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ።

3. ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ 0/0 ነው። ሥራው የሚጀምረው እዚህ ነው።

ተጠንቀቁ፦ ቀ ወደ አሉታዊ ቁጥር ሲሄድ ቁጥሩን በቅንፍ አስገቡ። ቀ→−2 ከሆነ ቀ² ማለት (−2)² = 4 ነው። ካልኩሌተር ላይ ያለ ቅንፍ −2² ብላችሁ ብታስገቡ ብዙዎቹ −4 ይሰጧችኋል፤ 0/0 መሆኑንም ሳታውቁት ታልፋላችሁ።

ተጠንቀቁ፦ «= 0/0» ብላችሁ መልስ መስመሩ ላይ አትጻፉ። 0/0 ቁጥር አይደለም። ዳር ላይ «ሲተካ 0/0» ብላችሁ በትንሹ አስፍሩትና ዋናውን ሥራ ከታች ቀጥሉ።

## ደረጃ 2፦ ተፈላጊውን ቅንፍ በስሙ ጥሩት

ይህን ደረጃ የሚዘል ተማሪ ቀሪውን በግምት ነው የሚሠራው። ማቅለል ከመጀመራችሁ በፊት ምን ልታጣፉ እንደምትፈልጉ ጻፉ።

- ቀ→3 ከሆነ የምትፈልጉት (ቀ − 3) ነው።
- ቀ→−2 ከሆነ (ቀ + 2) ነው።
- ቀ→0 ከሆነ ራሱ ቀ ነው።

ምክንያቱ ይህ ነው። አንድ ፖሊኖሚያል በቀ ቦታ 3 ሲገባ ዜሮ ከሆነ ውስጡ (ቀ − 3) የግድ አለ። ላዕሉም ታህቱም በ3 ላይ ዜሮ ከሆኑ ሁለቱም ውስጥ (ቀ − 3) አለ። ስለዚህ 0/0 ሲወጣ የጋራ ቅንፍ እንደተደበቀ እየተነገራችሁ ነው፤ የትኛው እንደሆነም ታውቃላችሁ። ፋክተር ስታደርጉ አንዱን ቅንፍ በእጃችሁ ይዛችሁ ነው የምትጀምሩት።

ጥያቄው ጎን ላይ «ተፈላጊ፦ (ቀ − 3)» ብላችሁ ክበቡት። ተማሪዎቼን ይህን ሳያደርጉ እንዲቀጥሉ አልፈቅድላቸውም።

## ደረጃ 3፦ መንገዱን ምረጡ

ጥያቄውን እዩት። ፖሊኖሚያል በፖሊኖሚያል ከሆነ ወደ 4ሀ ሂዱ። ሩት ካለ ወደ 4ለ፣ ክፍልፋይ ውስጥ ክፍልፋይ ካለ ወደ 4ሐ፣ ያልተዘረዘረ ቅንፍ በካሬ ወይም በኪዩብ ካለ ወደ 4መ። ሁለት ነገር አንድ ላይ ካለ ሩቱን አስቀድሙ።

## ደረጃ 4ሀ፦ ፋክተር አድርጎ ማጣፋት

ሊም ቀ→3 (ቀ² − 5ቀ + 6)/(ቀ² − 9)

ሲተካ 0/0 ነው። ተፈላጊው (ቀ − 3) ነው።

1. ላዕሉን ክፈቱ፦ ቀ² − 5ቀ + 6 = (ቀ − 3)(ቀ − 2)
2. ታህቱን ክፈቱ፦ ቀ² − 9 = (ቀ − 3)(ቀ + 3)
3. የጋራውን አጣፉ፦ ሊም ቀ→3 (ቀ − 2)/(ቀ + 3)
4. አሁን ተኩ፦ 1/6

ተራ ቁጥር 3 ላይ «በዜሮ እያካፈልን አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሊሚት የሚጠይቀው ቀ ወደ 3 ሲጠጋ የሚሆነውን እንጂ 3 ላይ የሚሆነውን አይደለም። ቀ 3 ስላልሆነ (ቀ − 3) ዜሮ አይደለም፤ ስለዚህ ይጣፋል።

### ከካሬው ፊት ቁጥር ሲኖር

ሊም ቀ→2 (2ቀ² − ቀ − 6)/(ቀ² − 4)

ላዕሉን ለመክፈት የቁጥር ጥንዶችን እየሞከራችሁ አምስት ደቂቃ አታባክኑ። አንዱን ቅንፍ ታውቁታላችሁ፤ (ቀ − 2) ነው። የሌላው የመጀመሪያ ቃል 2ቀ² ሲካፈል ለቀ፣ ማለትም 2ቀ። የመጨረሻው ቃል −6 ሲካፈል ለ−2፣ ማለትም 3። ስለዚህ (ቀ − 2)(2ቀ + 3)። አባዝታችሁ አረጋግጡ፦ 2ቀ² + 3ቀ − 4ቀ − 6 = 2ቀ² − ቀ − 6። ልክ ነው። (ቀ − 2) ሲጣፋ (2ቀ + 3)/(ቀ + 2) ይቀራል፤ ሲተካ 7/4።

መሃለኛው ቃል አልገጥም ካላችሁ ወይ ደረጃ 1 ላይ ስትተኩ ተሳስታችኋል፣ ወይ ጥያቄውን ስትገለብጡ ምልክት ቀይራችኋል። መጀመሪያ ጥያቄውን እንደገና አንብቡ።

### ኪዩብ ሲመጣ፣ ደግሞ 0/0 ሁለቴ ሲመጣ

ሊም ቀ→1 (ቀ³ − 3ቀ + 2)/(ቀ² − 2ቀ + 1)

ተፈላጊው (ቀ − 1) ነው። ላዕሉን በእሱ ለማካፈል ሲንተቲክ ዲቪዥን ተጠቀሙ። የቃላቱን ቁጥሮች በተርታ ጻፉ፦ 1፣ 0፣ −3፣ 2። ያ ዜሮ እንዳይረሳ። ቀ² የሚባል ቃል ስለሌለ ቦታውን በዜሮ ማስያዝ አለባችሁ። ከረሳችሁት የምታገኙት ቅንፍ የተሳሳተ ይሆናል፤ እዚህ የምታባዙት በ1 ስለሆነ ቀሪው ያኔም ዜሮ ሆኖ ያታልላችኋል፣ ስለዚህ ቁጥሮቹ አራት መሆናቸውን ቁጠሩ።

የመጀመሪያውን 1 አውርዱ። በ1 አባዙና ከ0 ጋር ደምሩ፦ 1። በ1 አባዙና ከ−3 ጋር ደምሩ፦ −2። በ1 አባዙና ከ2 ጋር ደምሩ፦ 0። ላዕሉ (ቀ − 1)(ቀ² + ቀ − 2) ሆነ። ታህቱ (ቀ − 1)(ቀ − 1) ነው። አንዱ ሲጣፋ

ሊም ቀ→1 (ቀ² + ቀ − 2)/(ቀ − 1)

ይቀራል። ሲተካ አሁንም 0/0! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። አልተሳሳታችሁም፤ ተፈላጊው ቅንፍ ሁለት ጊዜ ነበረበት ማለት ነው። ያንኑ ድገሙ፦ ቀ² + ቀ − 2 = (ቀ − 1)(ቀ + 2)። አጣፉ፣ ቀ + 2 ቀረ፣ መልሱ 3።

### ተገልብጦ የተጻፈ ቅንፍ

ሊም ቀ→4 (4 − ቀ)/(ቀ² − 16)

ታህቱ (ቀ − 4)(ቀ + 4) ነው። ላዕሉ (4 − ቀ) ነው፤ ከ(ቀ − 4) ጋር አንድ አይደለም። ተማሪው አንድ መስሎት ያጣፋውና 1/8 ይላል። ከማጣፋታችሁ በፊት 4 − ቀ = −(ቀ − 4) ብላችሁ ጻፉ። መልሱ −1/8 ነው።

ትልቁ ማስጠንቀቂያ፦ የሚጣፋው የተባዛ ነገር ብቻ ነው። (ቀ² + 6)/(ቀ² + 9) ላይ ቀ²ን ከላይና ከታች ሰርዞ 6/9 ማለት አይቻልም፤ እዚያ ቀ² የተደመረ ነው። ካልታያችሁ በቁጥር ሞክሩት፤ ቀ = 1 ቢሆን ክፍልፋዩ 7/10 ነው፣ 6/9 አይደለም።

## ደረጃ 4ለ፦ ሩት ሲኖር

እዚህ ላይ ረጋ በሉ። ከሁሉም መንገዶች ብዙ ሰው የሚወድቅበት ይህ ነው።

ሊም ቀ→0 (√(ቀ + 9) − 3)/ቀ

አንዲት ተማሪዬ ይህን ጥያቄ ስትሠራ አጠገቧ ተቀምጬ አይ ነበር። √(ቀ + 9) የሚለውን √ቀ + 3 ብላ ጻፈች። ከዚያ +3 እና −3 ተጣፉላት፣ √ቀ/ቀ ቀረ፣ ሲተካ አሁንም 0/0። ወረቀቱ እስኪሳሳ ድረስ በላጲስ እየፈተገች ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱንም ጊዜ የተሳሳተችው ያው የመጀመሪያው መስመር ላይ ነበር። አላረምኳትም። «√(16 + 9) ስንት ነው?» አልኳት። «5።» «√16 ሲደመር √9ስ?» «7...» አለችና ዝም ብላ ወረቀቷን አየች። ከዚያ በኋላ ሩት ስትከፍል አላየኋትም።

ሩት በመደመርና በመቀነስ ላይ አይከፈልም። የሚሠራው ኮንጁጌት ነው፤ ያው ሁለት ቃል፣ መሃሉ ያለው ምልክት ብቻ ተቀይሮ።

1. የሩቱን ኮንጁጌት ጻፉ፦ √(ቀ + 9) + 3። ሩቱ ውስጥ ያለውን ምልክት አትንኩ።
2. ላዕሉንም ታህቱንም በእሱ አባዙ። ላዕሉን ብቻ ካባዛችሁ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ሆነ።
3. ላዕሉ፦ (ቀ + 9) − 9 = ቀ
4. ታህቱ፦ ቀ(√(ቀ + 9) + 3)። አታባዙት፣ አትዘርዝሩት። ቀን የምታጣፉት ከዚያ ውስጥ ነው፤ ከዘረዘራችሁት ትደብቁታላችሁ።
5. ቀን አጣፉ፦ ሊም ቀ→0 1/(√(ቀ + 9) + 3)
6. ተኩ፦ 1/(3 + 3) = 1/6

### ቅንፍ የሚጠፋበት ቦታ

ሊም ቀ→4 (3 − √(ቀ + 5))/(ቀ − 4)

በ3 + √(ቀ + 5) ስታባዙ ላዕሉ 9 − (ቀ + 5) ይሆናል። ቅንፉን ጻፉ። ካልጻፋችሁ 9 − ቀ + 5 ትሉና 14 − ቀ ይወጣል፤ ከዚያ ምንም የሚጣፋ ነገር የለም። ትክክለኛው 9 − ቀ − 5 = 4 − ቀ = −(ቀ − 4) ነው። (ቀ − 4) ሲጣፋ −1/(3 + √(ቀ + 5)) ይቀራል፤ መልሱ −1/6።

ደረጃ 2 የሚጠቅማችሁ እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ተፈላጊው (ቀ − 4) መሆኑን አስቀድማችሁ ስለጻፋችሁ 14 − ቀ ሲወጣ አንድ ነገር እንደተበላሸ ወዲያው ታውቃላችሁ። ወደ ፊት አትቀጥሉ፤ አንድ መስመር ተመለሱና ቅንፉን ፈልጉ።

### ሩቱ ታች ሲሆን፣ ወይም ላይም ታችም ሲሆን

ሊም ቀ→4 (ቀ − 4)/(√ቀ − 2) ላይ በኮንጁጌት ማባዛት ይሠራል። ፈጣኑ መንገድ ግን ቀ − 4 ራሱ (√ቀ − 2)(√ቀ + 2) መሆኑን ማየት ነው። √ቀ + 2 ይቀራል፣ መልሱ 4።

ሊም ቀ→1 (√(ቀ + 3) − 2)/(√ቀ − 1) ላይ ሁለት ኮንጁጌት ያስፈልጋል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ አባዙ። የላዕሉ ኮንጁጌት ላዕሉን ቀ − 1 ያደርገዋል፣ የታህቱ ደግሞ ታህቱን ቀ − 1 ያደርገዋል። ሁለቱ (ቀ − 1) ሲጣፉ የሚቀረው (√ቀ + 1)/(√(ቀ + 3) + 2) ነው፤ 2/4፣ ማለትም 1/2። የትኛው ኮንጁጌት የት እንደቀረ ተጠንቀቁ፤ የታህቱ ወደ ላይ፣ የላዕሉ ወደ ታች ይሄዳል።

ኪዩብ ሩት ከሆነ ተራው ኮንጁጌት አይሠራም። ሊም ቀ→8 (∛ቀ − 2)/(ቀ − 8) ላይ ወረቀታችሁ ላይ ያለውን ሁለተኛ መስመር አንሡ። ቀ − 8 = (∛ቀ − 2)((∛ቀ)² + 2∛ቀ + 4)። አጣፍታችሁ ስትተኩ 1/(4 + 4 + 4) = 1/12።

## ደረጃ 4ሐ፦ ክፍልፋይ ውስጥ ክፍልፋይ

ሊም ቀ→3 (1/ቀ − 1/3)/(ቀ − 3)

1. ለጊዜው ታህቱን እርሱት። ላይ ያሉትን ሁለት ክፍልፋዮች ብቻ ወደ አንድ አምጡ። የጋራ ታህታቸው 3ቀ ነው፦ (3 − ቀ)/(3ቀ)
2. ለ(ቀ − 3) ማካፈል በ1/(ቀ − 3) ማባዛት ነው፦ (3 − ቀ)/(3ቀ(ቀ − 3))
3. ምልክቱን አውጡ፦ 3 − ቀ = −(ቀ − 3)
4. አጣፉ፦ −1/(3ቀ)
5. ተኩ፦ −1/9

ደብተራችሁ ላይ ዋናውን የክፍልፋይ መስመር ከሌሎቹ አስረዝማችሁ አስምሩት። እኩል ካሰመራችሁት ሦስት ፎቅ ይሆንና ማን ለማን እንደሚካፈል ይጠፋችኋል።

ሁለት ክፍልፋዮች ለየብቻ ሆነው ሲቀናነሱም መንገዱ ያው ነው፤ ስትተኩ ግን 0/0 አይታይም። ሊም ቀ→1 [1/(ቀ − 1) − 2/(ቀ² − 1)] ላይ ብትተኩ 1/0 ሲቀነስ 2/0 ይመጣል። «መልስ የለውም» አትበሉ። ወደ አንድ ክፍልፋይ አምጡት፦ (ቀ + 1 − 2)/((ቀ − 1)(ቀ + 1))። ላዕሉ ቀ − 1 ነው። ተጣፍቶ 1/(ቀ + 1)፣ መልሱ 1/2።

## ደረጃ 4መ፦ ዘርዝሮ ማጣፋት

ሊም ተ→0 ((5 + ተ)² − 25)/ተ

ይህን ቅርጽ ዴሪቬቲቭ ስትጀምሩ በየቀኑ ታገኙታላችሁና አሁኑኑ ይልመዳችሁ። ቅንፉን ዘርዝሩ፦ 25 + 10ተ + ተ² − 25 = 10ተ + ተ²። ከላይ ተን አውጡ፦ ተ(10 + ተ)። አጣፉ፣ ተኩ፣ 10።

(5 + ተ)² የሚለውን 25 + ተ² ካላችሁት መሃሉ ላይ ያለው 10ተ ይጠፋና መልሱ 0 ይወጣል። ዘርዝራችሁ ስትጨርሱ ተ የሌላቸው ቃላት በሙሉ መጣፋት አለባቸው። አንድ እንኳ ከቀረ ስህተት አለ።

ቁጥር በሌለበት ሊም ተ→0 ((ቀ + ተ)² − ቀ²)/ተ ሲመጣ የሚጠጋው ተ ብቻ ነው። ቀ ባለበት ይቆያል። መልሱም 2ቀ ነው፤ ቀን በዜሮ እንዳትተኩት።

## ደረጃ 5፦ «ሊም»ን መቼ እንደምትጥሉ

«ሊም ቀ→3» የሚለው ምልክት እስክትተኩ ድረስ እያንዳንዱ መስመር ላይ ይኑር። ስትተኩ ይጥፋ። ሁለቱንም የሚሳሳቱ አሉ፤ መሃል ላይ የሚጥሉት ክፍልፋዩና ሊሚቱ እኩል ነው ብለው የሐሰት እኩልነት ይጽፋሉ፣ እስከ መጨረሻ የሚያስከትሉት ደግሞ «ሊም 1/6» ብለው ይጨርሳሉ። አንድ ጊዜ ፈተና ላይ መልሴ ሁሉ ልክ ሆኖ ሊሙን መሃል ላይ በመጣሌ ብቻ ነጥብ ተቀንሶብኛል። ያኔ ከብዶኝ ነበር፤ ዛሬ ሳርም እኔም እቀንሳለሁ፣ ምክንያቱም የተጻፈው እኩልነት ልክ አይደለም።

## ደረጃ 6፦ በካልኩሌተር አጣሩ

ከቁጥሩ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ቅርብ ቁጥር ዋናው ጥያቄ ውስጥ አስገቡ። የ4ሀን የመጀመሪያ ጥያቄ እንውሰድ። 3.01 ሲገባ 0.1681 ገደማ፣ 2.99 ሲገባ 0.1653 ገደማ ይሰጣል። 1/6 ደግሞ 0.1667 ነው፤ መሃላቸው ገባ። የምልክት ስህተት ካለ እዚህ ይጋለጣል።

በጣም ቅርብ ቁጥር አታስገቡ። 0.000000000001 ዓይነት ቁጥር የሩቱ ጥያቄ ውስጥ ስታስገቡ ካልኩሌተሩ √(ቀ + 9)ን 3 አድርጎ ሊያጠጋጋውና 0 ሊያሳያችሁ ይችላል። 0.01 ይበቃል።

## ካቀለላችሁ በኋላ ታህቱ አሁንም ዜሮ ከሆነ

ሊም ቀ→2 (ቀ − 2)/(ቀ² − 4ቀ + 4) ሲቃለል 1/(ቀ − 2) ይሆናል። ሲተካ 1/0 ነው። አሁን የሚጣፋ የለም፤ ከግራና ከቀኝ ለየብቻ እዩት። ከቀኝ ታህቱ ትንሽ አዎንታዊ ቁጥር ስለሆነ ወደ ∞፣ ከግራ ትንሽ አሉታዊ ስለሆነ ወደ −∞ ይሄዳል። ሊሚቱ የለም ማለት የምትችሉት ይህን ካያችሁ በኋላ ነው።

ፍጹም ዋጋ ሲኖርም እንዲሁ ለሁለት ክፈሉት። ሊም ቀ→2 |ቀ − 2|/(ቀ − 2) ከቀኝ 1፣ ከግራ −1 ነው፤ ስለዚህ ሊሚት የለውም።

ሳይን ያለበትን ጥያቄ፣ ለምሳሌ (ሳይን ቀ)/ቀን፣ በዚህ መንገድ አታስገድዱት፤ ፋክተር የሚደረግ ነገር የለውም፣ የራሱ ሕግ አለው። የሎፒታልን ሕግ ከታላላቆቻችሁ ሰምታችሁ ከሆነም ለጊዜው ተዉት። ዴሪቬቲቭ ይጠይቃል፤ ዴሪቬቲቭ ራሱ የሚጀምረው ደግሞ አሁን 4መ ላይ ከሠራችሁት ሊሚት ነው።

## እጃችሁን ሞክሩ

መልሱን ሳታዩ ሥሩ። እያንዳንዱ ላይ ተፈላጊውን ቅንፍ መጻፍ አትርሱ።

1. ሊም ቀ→−2 (ቀ² + 5ቀ + 6)/(ቀ² − 4)
2. ሊም ቀ→2 (ቀ³ − 8)/(ቀ² − 4)
3. ሊም ቀ→0 (√(4 + ቀ) − √(4 − ቀ))/ቀ
4. ሊም ቀ→0 (1/(ቀ + 5) − 1/5)/ቀ
5. ሊም ተ→0 ((2 + ተ)³ − 8)/ተ
6. ሊም ቀ→9 (9 − ቀ)/(√ቀ − 3)
7. ሊም ቀ→1 (ቀ² + 1)/(ቀ + 1)

መልሶች፦ 1) −1/4፣ 2) 3፣ 3) 1/2፣ 4) −1/25፣ 5) 12፣ 6) −6፣ 7) 1።

ካልገጠመላችሁ የት እንደሳታችሁ ከመልሳችሁ ይታወቃል። 1ኛው 1 ከሆነ −2ን ያለ ቅንፍ ተክታችኋል። 3ኛው 0 ከሆነ (4 + ቀ) − (4 − ቀ) ላይ ሁለተኛውን ቅንፍ ጥላችኋል። 4ኛው 1/25፣ 6ኛው 6 ከሆነ ተገልብጦ የተጻፈውን ቅንፍ እንደ አንድ ቆጥራችሁታል። 5ኛው 0 ከሆነ (2 + ተ)³ን 8 + ተ³ ብላችኋል፤ (2 + ተ)ን ሦስት ጊዜ ጽፋችሁ ሁለት ሁለቱን እያባዛችሁ ዘርዝሩት። 7ኛው ላይ ፋክተር ፍለጋ ከቆያችሁ ደረጃ 1ን ዘላችሁታል።